ማሳሰቢያ፦ የሳይክል መብራታችሁ የሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ

ማታ ማታ ሳይክል ለምትነዱ ሁሉ፣ በተለይም በባሕር ዳርና በሐዋሳ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የሳይክል መንገዶች ለምትመላለሱ፦

በጨለማ ያለ መብራት መንዳት አደገኛ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋል፤ ዛሬም ያው ነው። ይህ ማሳሰቢያ ግን መብራት ላላችሁ ነው። አሁን አሁን ቻርጅ የሚደረጉ፣ ትንንሽ ሆነው ብርሃናቸው ግን ዓይን የሚወጋ መብራቶች በየሱቁ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ አሠራራቸው የእጅ ባትሪ ነው፤ ብርሃኑን ወደ ታችም ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጩታል። የመኪና አጭር መብራት ከላይ በኩል የተቆረጠ ስለሆነ አስፋልቱን እንጂ የመጪውን ፊት አያገኝም። በጀርመን ለሳይክልም እንዲሁ ነው፤ መብራቱ ሌላውን መንገደኛ እንዳይወጋ ሆኖ መገጠም እንዳለበት ሕጉ ያዛል፣ ብልጭ ድርግም የሚለውንማ ጭራሽ ከልክሏል። በእጃችሁ ያለው መብራት እንዲህ ሆኖ ካልተሠራ፣ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ የእናንተ የነጂዎቹ ፋንታ ነው።

ጨለማ የለመደ ዓይን ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲገባበት ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አይለይም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሳይክል በሁለት ሰከንድ ብቻ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት ለፊታችሁ የሚመጣው ባለሳይክል ወይም ባለባጃጅ ያንን ሁሉ መንገድ በጭፍን ይነዳል ማለት ነው፤ የሚነዳውም ወደ እናንተ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእግረኛው፣ ከእግረኛውም የአዛውንቶቹ ጉዳይ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዓይን ከብርሃን ለማገገም የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ደግሞ ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ተበትኖ ሁሉንም ነገር ይጋርድበታል፤ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው ሞራ ነው። ሊነጋጋ ሲል ኪዳን ሊያደርሱ የሚወጡ እናቶችን አስቡ። ነጠላቸው ነጭ ስለሆነ መብራታችሁ ከሩቅ ያገኛቸዋል። እናንተ እነሱን ጥርት አድርጋችሁ ስላያችሁ እነሱም እናንተን ያዩ ይመስላችኋል። እነሱ ግን የሚያዩት ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ሳይክል ይሁን ሞተር፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ በግራ ይለፍ በቀኝ አያውቁም። ባሉበት ቆመው መቋሚያቸውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ይሰዳሉ፣ ክዳን የሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ እግራቸው ሥር እንዳለ ያውቃሉና። ሳይክሉ ካለፈም በኋላ ቶሎ አይራመዱም። እንዲህ አስደንግጦ በፍጥነት ማለፍ ነውር ነው።

ስለዚህ መብራታችሁን ዛሬውኑ ፈትሹ። ሳይክሉን ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙና መብራቱን አብሩት። ግድግዳው ላይ የብርሃኑ ደማቅ መሐል መብራቱ ከተገጠመበት ከፍታ ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከፍ ካለ ወይም እኩል ከሆነ ማሰሪያውን አላልታችሁ ወደ መሬት አዘንብሉትና እንደገና አጥብቁት። ማሰሪያው ላስቲክ ከሆነ ጉድጓድ በዘለላችሁ ቁጥር ይንሸራተታልና በየጊዜው እዩት። ኃይሉን የምትቀንሱበት ቁልፍ ካለው፣ የመንገድ መብራት ባለበት ሁሉ ዝቅተኛው ይበቃችኋል። ሰው ሲመጣ ቀንሱ፤ ቁልፉ የማይመች ከሆነ መዳፋችሁን ከመብራቱ በላይ እንደ ቆብ ማጋረድ ትችላላችሁ፣ ይህን ስታደርጉ ግን ፍጥነት ቀንሱ።

ብልጭ ድርግም የሚለውን በጨለማ መንገድ ላይ አታብሩት። ያለ ጥርጥር ሰው ያየዋል፤ ምን ያህል እንደራቀና በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ግን መገመት ያስቸግራል፣ ሊሻገር የቆመ ሰው ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ራስ ላይ የሚታሰረው ባትሪም የባሰ ጣጣ አለው። ሰው ሲጠራችሁ ዞር ስትሉ ብርሃኑ አብሯችሁ ይዞርና በቀጥታ ፊቱ ላይ ያርፋል።

ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፤ ይህን አታቀያይሩ። ነጭ ያየ ሾፌር ወደ እኔ እየመጣ ነው ይላል፣ ቀይ ያየ ከፊቴ እየሄደ ነው ይላል፤ መሪውን የሚያዞረውም በዚያ ግምት ነው። ለጌጥ ተብሎ ከፊት ቀይና ሰማያዊ የሚገጥሙ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ። የኋላውም ቀይ መብራት ቢሆን ተከትሏችሁ የሚነዳው ሰው ዓይን ትይዩ ከሆነ ይወጋል፤ እሱም ትንሽ ወደ መሬት ይዘንብል።

ይህን አንብባችሁ መብራታችሁን አጥፍታችሁ እንዳትነዱ አደራ። የደበዘዘና መሬት የሚያይ መብራት ከጨለማ እጅግ ይሻላል።

መብራት የተለቀቀባችሁ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አጸፋውን አትመልሱ፤ ሁለት የማያዩ ሰዎች ፊት ለፊት መጋጠማቸው ነው። ዓይናችሁን ከብርሃኑ አንሥታችሁ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አድርጉ፣ ፍሬን ያዙ፣ ጨርሶ ካልታያችሁ እግራችሁን አውርዳችሁ ቁሙና እስኪያልፍ ጠብቁ።