በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር ሰው አይግባ!



ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚያስገባው መንገድ ዳርና ዳር ተሳቢ ቆሞ ባሌስትራ ሲፈታ፣ አክስል ሲወርድ ማየት የቆየ ነገር ነው። ይህን አንቃወምም። ቃሊቲ ያለ ከባድ መኪና ቃሊቲ አይደለም፤ ከሰፈራችን ሰው ስንቱ በሾፌርነት፣ በረዳትነት፣ በጎሚስታነት፣ ለሾፌሮች ምግብ በመሸጥ ልጅ እንደሚያሳድግ የመዋጮ መዝገባችን ይናገራል። የምንቃወመው ሌላ ነው። ባለፈው ወር አንድ ተሳቢ ከክሪኩ ተንሸራቶ ወርዷል። ሥሩ የነበረው ልጅ መፍቻ ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ክሪክ፣ ያው ልጅ ተመልሶ ገባ! ይህን አይተን ዝም ካልን ምን ማኅበር እንባላለን?

ጉዳዩን ስናነሣ የተሰጠን መልስ «ዕድርንና ክሪክን ምን አገናኛቸው?» የሚል ነው። እንዴ! ተሳቢው ሰው ላይ ሲወርድ ጥሩምባ የሚያስነፋው ማን ነው? ድንኳን የሚተክለው፣ ለእናትየው ንፍሮ የሚቀቅለው ማን ነው? ያን ጊዜ የሚመለከተን ከሆነ ዛሬም ይመለከተናል።

ሌሎቹ ደግሞ «ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተናል፣ ምንም አልሆንም» ይላሉ። ክሪኩም እኮ አብሮ ሃያ ዓመት አርጅቷል! በውስጡ ያለውን ዘይት የያዘችው አንዲት ጉሚኒ ናት። እሷ ከተበላች፣ ወይም ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ከገባ፣ ክሪኩ ቀስ እያለ አንዳንዴም ባንዴ ይወርዳል። ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው፤ ተሸክሞ እንዲቆይ አይደለም። የሚሸከመው ብረት መደገፊያ ነው። ብሎኬትም አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የብረት ጠርዝ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ድንጋይ መደራረብማ ምን ይባላል!

ተሳቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ነው፤ ከመኪናው ተፈትቶ ሲቆም በብዙ አሮጌ ተሳቢዎች ፍሬኑን የሚይዘው በማጠራቀሚያው የቀረው አየር ብቻ ነው። አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ ይለቃል። የፊት እግሩም ከመሳቢያው ጋር የሚዞር ስለሆነ ክሪክ ሲገፋው ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ ጭነቱ ይራገፍ፤ ሜዳ ላይ ይቁም፤ መሳቢያው ቀጥ ብሎ ከመኪናው እንደተያያዘ ይቆይ። የመኪናው ቁልፍ ግን ሥር በሚገባው ሰው ኪስ ይሁን። የማይነሡት ጎማዎች በሙሉ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። የጎማው ቡሎኖች መሬት ላይ እንዳለ ላላ ይበሉ፤ ክሪክ ላይ ከወጣ በኋላ መፍቻ መታገል ተሳቢውን ያወዛውዛል። አፈራችን ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ክሪኩንም መደገፊያውንም ይውጣል፤ ከሥራቸው ሰፊና ወፍራም ጠርብ ይነጠፍ።

ከሁሉ የሚብሰውን እንናገር። አብዛኛው ሰው ክሪኩን አክስሉ ሥር ያስገባና ባሌስትራውን ይፈታል። ለጎማ ቅያሪ ምንም አይደለም። ባሌስትራው ሲፈታ ግን አክስልና ሻንሲ ይለያያሉ፤ ክሪኩ የያዘው አክስሉን ነው፣ ያ ሁሉ ብረት ከላይ ምን ላይ ሊያርፍ ነው? ልጁ ላይ ነዋ! ለአክስልና ለባሌስትራ ሥራ መደገፊያው ግራና ቀኝ ሻንሲው ሥር ይገባል፤ ክሪኩ ቀስ ብሎ ዝቅ ተደርጎ ክብደቱ መደገፊያው ላይ ያርፋል፤ ተገፍቶ ይሞከራል። አክስሉም ለብቻው ይደገፋል። የወለቀው ጎማም ሻንሲው ሥር በጎኑ ይተኛ፤ ምንም ወጪ የለውም።

«ጋራዥ ውድ ነው» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ አንከራከርም። ነገር ግን ወጪውን የ14 ዓመት ልጅ በጀርባው ይቻለው ማለት ነውር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። በራቸው ላይ የሚያስጠግኑ፣ ለቦታውም ገንዘብ የሚቀበሉ አባሎቻችን ይህን አላወቅንም እንዳይሉ እነሆ ተለጥፏል።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ፣ የሚሸከሙት ቶን የተጻፈባቸው 4 የብረት መደገፊያዎችና በቂ ታኮዎች በማኅበሩ ገንዘብ ተገዝተው፣ ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር በዕቃ ቤታችን እንዲቀመጡ ነው። ብየዳ ቤት በግምት የተቀጣጠለ አንገዛም። አባልም ሆነ መንገደኛ ሾፌር መታወቂያ አስይዞ በነፃ ይወስዳል። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ጎሚስታዎች እንዲገኙ ተጠርተዋል፤ ተቃውሞ ያለው እዚያው ይናገር። እስከዚያው በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር የገባ ሰው ያየ ነዋሪ አስወጥቶ ለኮሚቴው ይንገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ