ክትባቱ ነፃ ነው፤ መንገዱስ?



ረመዳን ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ ጎሕ ያስጾማል፣ በአንድ አዛን ያስፈጥራል። በተራዊሕ ሶላት ባለ ሱቁና የቀን ሠራተኛው በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ይህ እኩልነት ከመስጂዱ በር ውጪም አብሮን እንዲዘልቅ ነው ጾሙ የተደነገገው። በዛሬው ጽሑፋችን እኩልነቱ ገና ካልደረሰባቸው ጉዳዮች አንዱን እናነሳለን፤ የሕፃናት ክትባትን።

በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ሲሆን፣ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ቀበሌ አውርዶታል። ዕቅዱ ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም ለ5 ሺህ ያህል ሰው፣ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ነው። ብዙ እናቶችና ሕፃናት በእነዚህ እህቶቻችን ልፋት ተጠቅመዋል፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳየው ልዩነት የሚያሳስብ ነው። ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት በአዲስ አበባ ከመቶ 89 ሲሆኑ፣ በአፋር ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። በከተማ ከመቶ 65፣ በገጠር ከመቶ 35 ነበሩ። በ2011 ዓ.ም የተደረገው አነስተኛ ጥናትም አገራዊውን መጠን ከመቶ 43 ላይ አስቀምጦታል። ከግማሽ በላይ የሆኑ ሕፃናት ሙሉ ክትባት አላገኙም ማለት ነው። የአፋሩ ሕፃን ከአዲስ አበባው ሕፃን ያነሰ ነፍስ የለውም። የአንዲትን ነፍስ ማዳን የሰውን ልጅ ሁሉ እንደማዳን ነው ብለን ልጆቻችንን የምናስተምር ሰዎች ይህን ልዩነት አይተን ዝም ልንል አንችልም።

ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ነው። እኛ ኢማሞችም ወደ ስብሰባ የምንጠራው በአብዛኛው ግንዛቤ እንድንፈጥር ነው። መስበክ ሥራችን ነውና ደስ እያለን እንሠራዋለን። ነገር ግን እናቲቱ ከማወቅ በኋላ የሚጠብቃትንም እንመልከት።

አንድ ሕፃን የክትባት ካርዱን ለመጨረስ በተወለደ ሰሞን፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩና በ15 ወሩ መከተብ አለበት። ይህ ቢያንስ ስድስት ጉዞ ነው። ጤና ኬላው ከቤቷ ጀርባ ለሆነላት እናት ነገሩ ቀላል ነው። ሕፃን አዝላ ወንዝ ለምትሻገር ወይም ውሃና ግጦሽ ተከትላ ከመንደሯ ጋር ለምትንቀሳቀስ እናት ግን ስድስት ጉዞ ስድስት የሥራ ቀን ነው። ከብቱ፣ ውሃው፣ ሌሎቹ ልጆች ይጠብቋታል።

ደርሳም ባዶ እጇን የምትመለስበት ጊዜ አለ። የኩፍኝ ክትባት የበርካታ ሕፃናትን መጠን በያዘ ብልቃጥ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላም ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ባለሙያዋ ለአንድ ሕፃን ብላ ብልቃጡን ብትከፍት የቀረው ይደፋል። እንዳይባክን በማሰብም «ሌሎች ሕፃናት ሲመጡ አብራችሁ ትከተባላችሁ» ተብላ የምትመለስ እናት አለች። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣው የተበላሸበት ወይም ከነጭራሹ ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ከጤና ጣቢያ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ያለ ክትባት የተመለሰች እናት ሦስተኛውን ጉዞ ብትተው ጥፋቱ የግንዛቤ ነው ልንል አንችልም።

እርግጥ ከሃይማኖት ጋር የሚያያዙ ጥያቄዎችም አሉ፤ እነሱን መመለስ የእኛ ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያው «የአላህ ቀደር ከሆነ ክትባት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለ ቦታ ሰሙና ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እየሄዱ መሆናቸውን ተናገሩ። ምሳሌም ሰጡ፤ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን ያሰማራ ሰው፣ በየትኛውም ወገን ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው። አርብቶ አደር ወገናችን ይህን ምሳሌ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ግመሉን ወደ ለምለሙ የሚነዳ ሰው ልጁንም ወደ ክትባቱ ቢወስድ ተወኩሉ አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጾሙ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይወስዳሉ፤ ጾመኛ ከሆነች ጾሟ ይፈርሳል ወይ ትላለች። በጡንቻ የሚሰጥ፣ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማእ ተስማምተዋል። ሕፃናቱማ ጾም የለባቸውም፤ በአፍ የሚሰጣቸው የፖሊዮ ጠብታም ሆነ ሌላው ክትባት በረመዳን የሚዘገይበት ምንም ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ወሬ ነው። በ2011 ዓ.ም ለልጃገረዶች መሰጠት ስለጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት «ያመክናል» የሚል ወሬ ይናፈሳል። ክትባቱ ካንሰሩን ከሚያመጣው ቫይረስ ይከላከላል፤ እንደማያመክን ደግሞ በብዙ አገሮች ተረጋግጧል። ሳያጣሩ ወሬ መቀበል በሃይማኖታችን የተወገዘ ነው። ደግሞስ ሐጅና ዑምራ ልንሄድ ስንል የማጅራት ገትር ክትባት ወስደን ካርዱን በፓስፖርታችን ውስጥ ይዘን አይደለም ወይ የምንጓዘው? ለሐጃችን የወደድነውን ለልጆቻችን አንንፈግ።

ችግሩ የሚፈታ ለመሆኑ የፈንጣጣ ታሪክ ምስክር ነው። ፈንጣጣ በምድር ላይ መጨረሻ ከታየባቸው ቦታዎች መካከል የኢትዮጵያና የሶማሊያ ቆላማ አካባቢዎች ይገኙበታል። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን በ1968 ዓ.ም፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በሶማሊያ መርካ በ1970 ዓ.ም ተገኘ። በ1972 ዓ.ም ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ። በሽታው የጠፋው ሕዝቡ ወደ ክሊኒክ ተጠርቶ አይደለም፤ ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ሳይቀር ከሠፈር ሠፈር ሄደው ነው።

ዛሬም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ በመሆኑ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ዕድሜው 9 ወር ያልሞላ ጨቅላ በሌሎቻችን መከተብ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ በሩቅ ሠፈር የቀረው ሕፃን ጉዳይ ዒድ ለመዘየር የሚጓዘው የከተሜው ቤተሰብ ጉዳይም ነው።

ከዚህ በመነሳት ጥያቄያችንን እናቀርባለን። የጤና ቢሮዎች በጀትና ማቀዝቀዣ ሲያከፋፍሉ ከመጨረሻው ቀበሌ ይጀምሩ፤ ለአርብቶ አደሩ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች በቋሚነት ይመደቡ። ብልቃጥ ለአንድም ሕፃን ቢሆን እንዲከፈት ይፈቀድ፤ የሚደፋው መጠን ከሚመለሰው ሕፃን አይበልጥምና። በረመዳን ደግሞ የክትባት ሰዓት ወደ ማለዳ ይምጣ፤ ከአስር ሶላት በኋላ እናቶች በኢፍጣር ዝግጅት ተጠምደዋል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የክትባት ቀን ከጁሙዓ ኹጥባ በኋላ ይነገር፤ ከመናገራችን በፊት ግን ክትባቱ መድረሱን ጤና ኬላውን እንጠይቅ። በቃላችን አምና የሄደች እናት ባዶ እጇን እንዳትመለስ። የመስጂዱ ግቢ ለክትባት ጣቢያነት ይፈቀድ። ዘካተል ፊጥር የራሱ ሥርዓትና ተቀባይ አለው፤ ከሶደቃችን ግን ለከታቢዎቹ የበቅሎ ወይም የባጃጅ ኪራይ፣ ለጤና ኬላው የበር ጥገና ማዋጣት እንችላለን። ለሚጓዘው ሕፃን የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ምንዳ ያለው ነው።

አባቶች ሆይ! ክትባት የእናት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ። የትራንስፖርቱ ገንዘብ በእናንተ ኪስ ነው፤ ወደ ጁሙዓ የምትመጡትም እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጡና አብራችሁ እዩት። የጎደለ ቀጠሮ ካለ ከዒድ በፊት ይሟላ፤ ልጅ አማና ነውና።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን፤ በሩቅ ያሉትንም ከምናስባቸው ያድርገን። ረመዳን ከሪም።