ወደ ፒያኖ የተመለሰ ጎልማሳ እንዴት ይማር?

በልጅነቱ ፒያኖ ተምሮ፣ በኋላ በሥራና በኑሮ ምክንያት ትቶት የቆየ ሰው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ መሣሪያው ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክሮች አንዱ ይሰጠዋል። አንዳንዶች «የተማርኸው ሁሉ ጠፍቷል፤ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀምር» ይሉታል። ሌሎች ደግሞ «ካቆምህበት ቀጥል» ይሉታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ምክሮች ስሕተት አለባቸው። ትምህርቱ መነሣት ያለበት ተማሪው ዛሬ ከደረሰበት ሁኔታ ነው።

ምክንያቱን በምሳሌ እንመልከት። አርባ ዓመት የሞላት አንዲት ሴት በልጅነቷ አምስት ዓመት ያህል ፒያኖ ተምራ ነበር እንበል። ዛሬ በመሣሪያው ፊት ስትቀመጥ ጆሮዋ የዜማውን ስሕተት ወዲያው ይለያል። ኖታውንም ቀስ እያለች ታነባለች። ጣቶቿ ግን አይታዘዙላትም፤ ግራ እጇ ከቀኝ እጇ ኋላ ይቀራል። ጆሮ ያልረሳውን እጅ ረስቶታል ማለት ነው። ይህችን ተማሪ ከ«ሀ ሁ» ብናስጀምራት ጆሮዋ ይሰለቻል፤ ቀድሞ ትጫወተው ከነበረው ከባድ ድርሰት ብናስጀምራት ደግሞ እጇ ይሸነፋል። በሁለቱም መንገድ ፍጻሜው አንድ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትተወዋለች።

ይህ ሁለተኛ መተው ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው። በልጅነቱ የተወ ሰው «ልጅ ስለ ነበርሁ ነው» ብሎ ይጽናናል። በጎልማሳነቱ የተወ ግን «ለካስ አልችልም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ዳግመኛም አይመለስም። ስለዚህ የአስተማሪው ታላቅ ኃላፊነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪውን ከዚህ ፍርድ ማዳን ነው።

የተረሳ የሚመስለው ትምህርት ፈጽሞ እንደማይጠፋ ማስረጃ አለ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እያጠና የራሱን የማስታወስ ችሎታ ከመረመረ በኋላ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አንድ ጊዜ አጥንቶ የረሳውን ነገር እንደ ገና ሲያጠናው ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ እንደ ወሰደበት ተገነዘበ። ደግሞም ጥናቱን በአንድ ቀን ከማጨቅ ይልቅ በተለያዩ ቀናት መከፋፈል የተሻለ መሆኑን አሳየ። ክፍለ ቃልና ፒያኖ አንድ ባይሆኑም፣ ሁለቱም ግኝቶች ለተመላሹ ተማሪ ይጠቅማሉ።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዴት ይደራጅ? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የምርመራ ጊዜ ይሁን። አስተማሪው አራት ነገሮችን ለየብቻ ይመርምር፤ እነርሱም የኖታ ንባብ፣ የጆሮ ችሎታ፣ የጣቶች ቅልጥፍናና የምት አጠባበቅ ናቸው። በአንዱ የበረታ ተማሪ በሌላው ሊደክም ስለሚችል፣ ለአራቱም አንድ ዓይነት ደረጃ መስጠት አይገባም።

ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሳምንታዊ ትምህርት እንዲህ ቢከፈል መልካም ነው። ዐሥር ደቂቃ ለጣት ማፍታቻ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተማሪው ቀድሞ ለሚያውቀው ቀላል ዜማ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለአዲስ አጭር ድርሰት፣ የቀረው አምስት ደቂቃ የሳምንቱን የቤት ልምምድ ለመወሰን ይዋል። አሮጌው ዜማ ድፍረትን ይመልሳል፤ አዲሱ ደግሞ ተማሪው በትዝታ ብቻ እንዳይኖር ያደርገዋል። አዲሱን ድርሰት ለመምረጥ በደረጃ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይረዳል። ለምሳሌ የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ ያዘጋጀው «ሚክሮኮስሞስ» በስድስት ቅጽ የተከፈሉ 153 ድርሰቶች አሉት። እነዚህም ከቀላል ወደ ከባድ ስለሚሄዱ፣ አስተማሪው በምርመራው መሠረት ተማሪውን የሚመጥነውን መነሻ ከመካከላቸው ሊመርጥ ይችላል።

በቤት ውስጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መለማመድ እሑድ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ተማሪው በመጀመሪያ እያንዳንዱን እጅ ለብቻው፣ ቀጥሎም ሁለቱን በአንድነት፣ በዝግታ ያለማምድ። የእጅ አንጓው ወይም ክንዱ ቢያመው ወዲያው ያቁም፤ ለረጅም ዘመን ያረፈ እጅ በአንድ ሳምንት ብዙ ሸክም ሊጣልበት አይገባም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን በዚህ ስፍራ እጅግ ይስማማል።

«በልጅነት የተያዘ መጥፎ ልማድ ሊነቀል የሚችለው ከመጀመሪያው ሲጀመር ብቻ ነው» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። ሐሳባቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ የተጣመመ የእጅ አቀማመጥ መቃናት አለበት። ይሁን እንጂ ይህ በየትምህርቱ መጀመሪያ ባለው የማፍታቻ ጊዜ ሊከናወን ይችላል። አንድ ምሰሶ ስለ ተጣመመ ቤቱን በሙሉ የሚያፈርስ ሰው የለም።

ሙዚቃን ትቶ ቆይቶ መመለስ እንደሚቻል በሀገራችን የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። በኋላም መንነው ዐሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም ከሙዚቃ ርቀው ኖሩ። ከዚያ ወደ ፒያኖ ተመልሰው በስማቸው የሚታወቁትን ድርሰቶች በሸክላ አስቀረጹ፤ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ። እርግጥ ነው፣ የእርሳቸው ተሰጥኦ ለሁሉም አልተሰጠም፤ የመመለሱ በር ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

እናንተም ተማሪዎች፣ አንድ ቀን ከምትወዱት ሙያ ኑሮ ቢለያችሁ ሁሉ ነገር አበቃ አትበሉ። ወደ እርሱ ስትመለሱ ግን የጥንት ችሎታችሁን እያሰባችሁ ዛሬ የምትሠሩትን አትናቁ። ለተመላሽ ሰው ትክክለኛው መለኪያ ያለፈው ሳምንት እንጂ ያለፈው ዘመን አይደለም።