ያልተጻፈውን መምታት ጥፋት ነውን?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ከተማ፥ በከዚራ ሰፈር፥ አንድ ወጣት «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተባለውን የቆየ የአሜሪካኖች ዜማ በፒያኖ ሲጫወት ሰማን። ዜማውን በወረቀት እንደ ተጻፈው አንድ ጊዜ ከተጫወተ በኋላ፥ ኮርዶቹን ሳይለቅ ከራሱ አዲስ ዜማ ማፍለቅ ሲጀምር አስተማሪው «ያልተጻፈውን የምትመታ አንተ ማን ነህ?» ብለው ገሠጹት። ልጁም እጁን ሰብስቦ ዝም አለ። ይህ ተግሣጽ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕራችንን ባላነሣን ነበር፤ ነገር ግን ጃዝ ሥርዐት የሌለው፥ ለእኛም ባዕድ የሆነ ጩኸት ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ስላለ መልስ መስጠት ይገባናል።

በመጀመሪያ፥ ሥርዐት የለውም ለሚሉት እንመልስ። ይህን ዜማ ጆኒ ግሪን የደረሰው በ1930 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ዜማው 32 ባር ሲኖረው በ8 በ8 ባር በ4 ክፍል ይከፈላል፤ አንደኛው፥ ሁለተኛውና አራተኛው ክፍል ይመሳሰላሉ፤ ሦስተኛው ወደ ሌላ መነሻ ድምፅ ይሻገራል። የፒያኖው ተጫዋች በግራ እጁ ኮርዶቹን እየጠበቀ በቀኝ እጁ አዲስ ዜማ ይፈጥራል፤ መንገዱን ከሳተ ስሕተቱ ወዲያውኑ ይታወቅበታል። ኮልማን ሆኪንስ በ1939 በሳክስፎን ሲቀዳው፥ ከመነሻው ጥቂት በኋላ የተጻፈውን ዜማ ተወው፤ የኮርዶቹን መንገድ ግን አልሳተም። ቴሎኒየስ መንክም በ1963 በወጣው ሸክላው ያንኑ ዜማ ብቻውን በፒያኖ በሌላ መልክ ተጫውቶታል። ሁለቱ ከአንድ ዜማ ተነሥተው የየራሳቸውን ተናገሩ።

ሁለተኛ፥ ባዕድ ነው ለሚሉት እንመልስ። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናን በ2 ቤት፥ መወድስን በ8 ቤት ይዘርፋል። የቤቱ ልክና ዜማው ከአባቶች የተቀበለው ነው፤ ምሥጢሩ ግን የራሱ መሆን አለበት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ያፍራል። አዝማሪውም በአንዱ ቅኝት ላይ ሆኖ፥ በፊቱ ለተቀመጠው ሰው የሚስማማውን ግጥም እዚያው ይፈጥራል። ታዲያ በቅኔ ማሕሌትና በጠጅ ቤት ያከበርነውን ጥበብ በፒያኖ ላይ ስናየው የምንነቅፈው ስለ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ራሷ ትመስክር። በ1902 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረችው ይህች ከተማ፥ ከባሕር ማዶ የመጣውን ተቀብላ የራሷ ስታደርግ ኖራለች። በ1960ዎቹ በዚህች ከተማ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን፥ ከእርሱም የወጣው ዓሊ ቢራ፥ የኦሮሞን ሙዚቃ ሲጫወቱ የዐረቦች ዑድ አገሬውን መሰለ እንጂ ሙዚቃው ዐረብ አልሆነም። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ባለ5 ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ሐርመኒ ጋር ሲያዋሕዱ፥ ትዝታና ባቲ ሰፉ እንጂ አልጠፉም።

ይህን ስንል ግን ፊደል ሳይቈጥር ቅኔ ልዝረፍ የሚለውን መደገፋችን አይደለም። ኮርድ ሳያውቅ፥ ዜማውን በጆሮው ሳይዝ፥ ጣቱ ያገኘውን ሁሉ እየመታ ይህን ነጻነት ብሎ የሚጠራ ወጣት ራሱን ያታልላል። ነጻነቱ የሚገኘው ከጥናቱ በኋላ ነው። ዳሩ ግን ጥናቱን ለጨረሰ ተማሪ በሩን መዝጋት ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው፤ የሌላውን ቃል በደንብ እየደገመ፥ የራሱን ሳይናገር ያረጃልና።

ስለዚህ የሙዚቃ መምህራኖቻችን፥ ተማሪው ኖታውን በትክክል ከተጫወተ በኋላ «አሁን ደግሞ ያንተን አሰማን» ይበሉት፤ ቢሳሳትም የሳተበትን ባር ያሳዩት እንጂ እጁን አያስነሡት። የከዚራውም ልጅ ወደ ፒያኖው ይመለስ፤ እኛም እስከ 32ኛው ባር ድረስ እናዳምጠው እንላለን።