ጎመን በጤና፤ ግን ከየትኛው ጓሮ?

«ጎመን በጤና» የሚለውን አነጋገር ከወላጆቹ አፍ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አናምንም። ቃሉ የሚነገረው ሰው ሥጋና ቅቤ ሲያጣ ራሱን ለማጽናናት ነው። እንዲሁም ክረምቱ አልፎ አዲስ እህል ሲደርስ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ከሁለቱም አነጋገር እንደምንረዳው ጎመን በአገራችን የችግር ቀን ምግብ እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው። የተናቀው ግን ጎመኑ ብቻ አይደለም፤ ጓሮውም፣ ጓሮውን የምትኮተኩተው እናታችንም አብረው ተንቀዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ንቀቱ ያለ አግባብ መሆኑን እንመልከት። የሐበሻ ጎመን የዕፅዋት ሊቃውንት እንደሚሉት ከዚሁ ከአገራችን ደጋ የተገኘ ነው። ስመ ጥሩው ሩሲያዊ ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ልዩ ልዩ ዘር ከሰበሰበ በኋላ አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች እንደ አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ይኽን ዘር ከዓመት ዓመት እየመረጡ፣ በጨርቅ እየቋጠሩ፣ ጢስ ባለበት እየሰቀሉ ያቆዩልን ፊደል ያልቆጠሩ ባለ ጓሮዎች ናቸው። እኛ ፊደል የቆጠርነው ግን ዶማ መያዝ ያሳፍረናል።

ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው ጎመን የሚያገኘው በአብዛኛው ከገበያ ነው። በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ ሲሆን፣ ወንዙ ደግሞ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸካሚ ሆኗል። በዚሁ ውኃ ያደጉ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በተመራማሪዎች ሲፈተሹ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች እንደ ተገኙባቸው በተደጋጋሚ ተጽፏል። ቅጠሉን ደጋግሞ ማጠብ በላዩ ያለውን ቆሻሻ ያስለቅቃል፤ በሥሩ የገባውን ግን አያወጣም። ገበሬውን አንወቅስም፤ ያገኘው ውኃ ያው ነው። ወቀሳው የሚገባው ፍሳሹን ሳያጣራ ለሚለቀውና እያየ ዝም ለሚለው ነው። እንግዲህ ሰውየው ጎመኑን አግኝቷል፤ ጤናው የት አለ?

እኛም ይኽንኑ ስንነጋገር ከርመን፣ አምስት ሆነን በተከራየነው ቤት ጓሮ አሥር እርምጃ በአራት የምትሆን መሬት ቆፈርን። አከራያችን እማማ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሲመለከቱን ቆዩና «ልጆቼ፣ ያ መጽሐፋችሁ ፍግ ምን ያህል መሰንበት እንዳለበት አይናገርም?» አሉን። አልሰማናቸውም። ትኩሱን ፍግ እንዳለ በመደቡ ላይ አፈሰስነውና ችግኙ በሳምንቱ ተቃጠለ። ካሮትን እንደ ጎመን በችግኝ አዛወርነው፤ ሲነቀል እንደ እጅ ጣት ተከፋፍሎ ወጣ። ለካስ ካሮት ዘሩ በቦታው ተዘርቶ መሳሳት እንጂ መዛወር አይወድም። ቲማቲሙን በሐምሌ ዝናብ ተከልነውና ምች መታው፤ ቅጠሉ ጠቁሮ በጥቂት ቀን ውስጥ አለቀ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ክሽክሽ በጎመኑ ቅጠል ሥር ሰፈረ። በበጋ ውኃው በፈረቃ ስለ ሆነ ሌሊት እየተነሣን በርሜል መሙላት ግዴታችን ነበር። የጎረቤት ዶሮዎችማ ከእኛ ይልቅ ተጠቃሚዎች ሆኑ።

የሆነ ሆኖ በሁለተኛው ሙከራ እማማን መምህር አደረግናቸው። ፍጉ ሰንብቶ በሰበሰ፤ በክሽክሹ ላይ አመድ ተነሰነሰበት፤ ዶሮውን እሾህ መለሰው። ሁለት ወር ያህል ቆይተን አንድ ረቡዕ ማለዳ ቆስጣችንን ቆርጠን ለጾም ሠራን። ከዳር ከዳር ስለ ተቆረጠ እንደ ገና አቆጠቆጠ፤ እኛ ጠግበን ለጎረቤትም ተረፈ። ባለ ዶሮዋ ጎረቤታችንም ድርሻዋን በወሰደች ማግሥት ዶሮዎቿን ማሰር ጀመረች። በፈተና ሰሞን ራሳችን ሲዞር ወደ መደቡ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት መኮትኮት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሞከረው ያውቀዋል። ከደስታዎቹ ሁሉ የበለጠው ግን፣ አንድ የጎመን ቅጠል ስንት ሰው ላብ እንደ ጠየቀ አውቀን መብላታችን ነው።

ሆኖም ነገሩን ማጋነን አንፈልግም። አሥር እርምጃ መሬት ጤፍና ዘይት አይሰጥም፤ የኑሮ ውድነትንም አይፈታም። ገበያው ሲንር «ለምን በጓሯችሁ አትተክሉም?» ብሎ ለሚያፌዝ ባለ ሥልጣን ጓሮ ማመካኛ እንዲሆን አንፈቅድም። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ቤተ ሰብ ጓሮ ከወዴት ይመጣል? ያም ቢሆን በተቀደደ ጄሪካንና አፈር በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ቆስጣና ጤና አዳም የሚያበቅሉ እናቶችን በየሰገነቱ እናያለን። ቦታ ያነሳቸው እነርሱ ሲተክሉ፣ ቦታ የተረፈን እኛ ቆመን ማየታችን ያሳዝናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየመኝታ ቤታችን ኋላ አረምና ስባሪ ወንበር የተከመረበት መሬት ለተማሪዎች በመደብ ተከፋፍሎ ይሰጥ። አስተዳደሩ ማንም የማይበላውን ሣር በየዕለቱ ሲያጠጣ እያየን «ውኃ የለም» ብንባል አንቀበልም። ሁለተኛ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምናጠና ተማሪዎች ስለ ወንዞቻችን የተጻፈውን ጥናት ከመደርደሪያ አውርደን ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ እናስረዳ፤ ጓሮ የሌለው ሕዝብ የሚበላው የወንዙን ጎመን ነውና። የራሳችንን ድስት ብቻ አጽድተን ብንቀመጥ ግን ትምህርታችን ለጓሮ እሾህ ያህል እንኳ አልጠቀመም ማለት ነው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መሬቱ ይቆፈር። ዶማ የሌለው ከእኛ ይዋስ፤ ምክር የሚሻ ደግሞ እማማን ይጠይቅ።