«ከኮሌስትሮል ነፃ»፦ ጀሪካኑ የማይናገረው

ሱቅ ከተደረደሩት የዘይት ጀሪካኖች በብዙዎቹ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። የምግብ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ኑግም ይሁን ሱፍ ወይም ፓልም፣ ከተክል የወጣ ዘይት ድሮም የለበትም። ነገር ግን ጽሑፉ ዋናውን ጥያቄ ይዘለዋል፦ ዘይቱ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ምን ያደርገዋል?

በደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነት ነው። ሳቹሬትድ የሚባለው የስብ ዓይነት ሲበዛ፣ ጉበት «መጥፎው ኮሌስትሮል» የተባለውን ኤልዲኤልን ከደም የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። የተረፈው በደም ሥር ግድግዳ ላይ ለዓመታት ይጠራቀማል። አያምም፣ አያተኩስም። ቀጭን ሰው ላይም ይከሰታል፤ በዘር የሚወርስም አለ። ለብዙዎች የመጀመሪያው ምልክት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነው።

በፓልም ዘይት ውስጥ ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ ድርሻው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሕዝቡ ፓልምን «የሚረጋው ዘይት» ይለዋል። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ይረጋል የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ ሥጋቱ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቅቤን በጾም የተወ ሰው በየቀኑ በፓልም የተቁላላ ወጥ ከበላ፣ ከሳቹሬትድ ስብ ጾሜያለሁ ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር «ዘይት ቀይሩ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ለቀን ሠራተኛ ምን ይፈይዳል? በኢትዮጵያ ለዓመታት በድጎማ ከውጭ ገብቶ በሸማቾች ማኅበራት ሲከፋፈል የኖረው ፓልም ነው። ድሃው ያገኘውን ገዛ እንጂ አልመረጠም። የመረጠው ፖሊሲው ነው።

ፖሊሲ የደም ኮሌስትሮልን እንደሚለውጥ የፊንላንድ ታሪክ ያሳያል። በ1960ዎቹ የሰሜን ካሬሊያ ወንዶች በልብ በሽታ በመሞት ከዓለም ግንባር ቀደም ነበሩ። ቅቤና ሙሉ ስብ ያለው ወተት የዕለት ምግባቸው፣ ትንባሆም ልማዳቸው ነበር። በ1972 ፔካ ፑስካ በተባለ ወጣት ሐኪም መሪነት የተጀመረው ፕሮጀክት ሕዝቡን በመውቀስ አልተወሰነም። የሴቶች ማኅበራትን፣ የወተትና የቋሊማ አምራቾችን፣ ሱቆችን ጭምር አሳተፈ። ለአገሩ ብርድ የሚስማማ የቅባት እህልም ተስፋፋ። በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች መካከል በልብ በሽታ የሚሞተው ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ለውጤቱ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው የኮሌስትሮል መቀነስ ነው።

ኢትዮጵያ የቅባት እህል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ኑግና ሰሊጥ አምርታ ወደ ውጭ ትልካለች፤ ዘይት ደግሞ በብዛት ከውጭ ትገዛለች። የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ፓልም በርካሽነቱ ብዙ ማድቤት ከባዶነት ማዳኑም እውነት ነው። ሆኖም የርካሹ ዘይት ሒሳብ በሱቅ አያልቅም። ቀሪው ቤተሰብ የሚያስተዳድር አባት ወይም እናት በስትሮክ ሲወድቁ በሆስፒታል ይከፈላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ድጎማ ሲወሰን የሊትር ዋጋ ብቻ ሳይሆን የስቡ ዓይነትም ይመዘን፤ የአገር ውስጥ ጨማቂዎችም ይደገፉ። ሁለተኛ፣ ጀሪካኑ ላይ የሳቹሬትድ ስቡ መጠን ሰው በሚያነበው ፊደል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የኮሌስትሮል ምርመራ አቅም ላለው ብቻ የሚደርስ አይሁን፤ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው በጤና ጣቢያ ይገኝ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም «ቁጥሩ ወረደ» ብሎ በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ፤ ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና።

እስከዚያው ጀሪካን የሚያነሣ ሸማች «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለውን አልፎ ከጀርባ ያለውን ያንብብ። ከጀርባው ምንም ካልተጻፈ፣ ጥያቄው ለባለሱቁ ሳይሆን ዘይቱን ላስገባውና ለፈቀደው አካል ነው።