አምፖሉን ብቻ ይዘው የተመለሱ

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ የስድስት ቀን የጉዞ ዕቅድ ይዞ ቆቦ ቤቴ ድረስ መጣ። የሚሠራባትን ከተማ ስም አልጠራም፤ በዚህ ጉዳይ ከተሞቻችን ብዙም አይለያዩም። አራት ኃላፊዎችና ሁለት ባለሙያዎች ለ«ልምድ ልውውጥ» ቡዳፔስትና ፕራግ ሊሄዱ ነው። «ዓላማ» በሚለው ሥር «የወንዝ ዳርቻ ልማትና የከተማ ውበት ተሞክሮ መቅሰም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ በወጣትነቴ ቡዳፔስት ተምሬያለሁና የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚያዩ ምክር ፈልጎ ነበር የመጣው።

አነበብኩት። አንደኛው ቀን ደርሶ ማረፍ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት የሰንሰለት ድልድይ፣ ከሰዓት ፓርላማው፣ ማታ በዳኑብ ላይ የጀልባ ሽርሽር። ሦስተኛው ቀን ፍል ውኃ። (በፍል ውኃ ምክንያት የተቆረቆረች ዋና ከተማ ያለው ሕዝብ ለፍል ውኃ ባሕር ሲሻገር ትንሽ አሳቀኝ።) አራተኛው ቀን በባቡር ወደ ፕራግ፣ አምስተኛው ቀን የቻርልስ ድልድይና የአሮጌው ከተማ አደባባይ፣ ስድስተኛው ቀን ሸመታና መመለስ። የሆቴሉ ማስያዣ፣ የባንክ ማስረጃው፣ ለቪዛ የሚጠየቀው የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ከፍሳሽ ወይም ከጎርፍ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው የሚያነጋግሩበት ሰዓት ግን የለም። የአንድ ቱቦ ዋጋ የሚጠይቁበት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልተያዘም።

«ይኼ እኮ የጫጉላ ሽርሽር ነው» አልኩት። ወዳጄ ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም።

መሄዳቸውን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ሰው ይሂድ፣ ዓለም ይይ። በገዛ ገንዘቡ ሄዶ ድልድይ ላይ ፎቶ የሚነሣን ሰው ማን ምን ይለዋል? ጠቤ ሽርሽሩን «ልምድ» ብለን በሕዝብ ገንዘብ መክፈላችን ላይ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያየነውን መርጠን ማየታችን ነው። ወንዝ ዳር ያለች የአውሮፓ ከተማ ስትባል በአብዛኞቻችን ዓይን የሚመጣው የመንገድ አምፖል፣ አግዳሚ ወንበር፣ የተነጠፈ ድንጋይና በውኃው ላይ የሚንቀለቀል ብርሃን ነው። ይህ ሁሉ ከምን በኋላ እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።

ለወዳጄ የነገርኩት ይህንን ነበር። ፔስት በሚባለው የከተማው ወገን በእግር ሲሄዱ በአንዳንድ አሮጌ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ሰሌዳ ትታያለች። የተዘረጋች እጅ ተቀርጾባታል፤ ጣቷ ወደ አንድ መስመር ይጠቁማል። ተማሪ ሳለሁ ስንት ወር በአጠገቧ አልፌ አንድ ቀን ቆም ብዬ አየኋት። መስመሩ ከራሴ በላይ ነበር። በመጋቢት 1838 እ.ኤ.አ. የዳኑብ በረዶ ተደርምሶ ውኃውን ሲያግደው ጎርፉ ከተማዋን ውጦ እዚያ ድረስ የደረሰበት ምልክት ነው። ከ150 በላይ ሰው ሞተ፤ ከከተማዋ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። በዕቅዳቸው ያለው የሰንሰለት ድልድይ የተከፈተው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ በ1849 ነው። ከዚያ ወዲህ ወንዙን የገደቡት የድንጋይ ግንቦች፣ ዛሬ ጎብኚው ተደግፎባቸው ፎቶ የሚነሣባቸው፣ የተሠሩት በፍርሃት ነው። ውበቱ የመጣው በኋላ ነው።

ለንደን ብትሄዱም ያው ነው። በ1858 በጋ ቴምዝ በፍሳሽ ከመሽተቱ የተነሣ የፓርላማ አባላት መቀመጥ አቃታቸው፤ ወዲያው ገንዘብ ተፈቀደ። ጆሴፍ ባዘልጌት የተባለው መሐንዲስ የከተማዋን ፍሳሽ የሚሰበስቡ ትላልቅ ቱቦዎች ዘረጋ። በ1870 የተከፈተው የቪክቶሪያ ወንዝ ዳር መንገድ፣ ያ አምፖሎቹ የሚደነቁለት፣ ከነአምፖሉ የፍሳሽ ቱቦ ክዳን ነው። ከሥሩ ፍሳሽ ይሄዳል፤ የምድር ባቡርም ይሄዳል። የእኛ ልዑካን ክዳኑን አይተው ይመጣሉ። ክዳኑን በሀገራቸው ያሠራሉ። ከሥሩ ምንም የለም።

የፕራግን ድልድይማ ወንዙ ራሱ ሲፈትነው ኖሯል። በ1357 ተጀመረ፤ በ1890 ጎርፍ ሦስት ቅስቱን ወሰደበት። በነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. የቭልታቫ ወንዝ ሞልቶ የከተማዋን የምድር ውስጥ ባቡር አሰጠመው። በመስከረም 2024 ዳኑብ እንደገና የቡዳፔስትን ወንዝ ዳር መንገዶች ሸፈነ። የአውሮፓ ወንዝ ማለት በገመድ ታስሮ የተቀመጠ በግ አይደለም። ቪየናዎች ይህን ስለሚያውቁ ከ1972 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዳኑብ ሁለተኛ መውረጃ ቆፈሩለት፤ ከቁፋሮው በወጣው አፈር 21 ኪሎ ሜትር የምትረዝም ደሴት ሠሩ። ዛሬ ደሴቷ መዝናኛ ናት፤ ብስክሌት ይነዱባታል። የተሠራችው ግን ወንዙ ሲቆጣ የሚሄድበት እንዲያጣ ስላልፈለጉ ነው።

አሁን ወደ ቆቦ ልምጣ። «ልውውጥ» የሚለው ቃል ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሰጥቶ መቀበል ነው። ወዳጄን «እናንተ ይዛችሁ የምትሄዱት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሀበሻ ልብስና ቡና» አለኝ። የሚሰጥ ልምድ ግን እዚሁ ነበረን።

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ በጥር ለሚያልፍ ሰው የራያ ቆላ ወንዞች ወንዝ አይመስሉትም። ሆርማትም ሆነ ጎሊና በበጋ ሲታዩ ሰፊ የአሸዋና የጠጠር ሜዳ ናቸው፤ ፍየል ይሻገራቸዋል፣ አሸዋ ይጫንባቸዋል። ሹፌሩ ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስም። አስጎብኚው ላሊበላ ለመድረስ ይቸኩላልና ቆቦ ለእሱ ምሳ የሚበላባት ቦታ ናት፤ እሱም ከቆመ። የጎብኚ መጻሕፍት ሁሉ «ከመስከረም እስከ ጥር ኑ፣ ክረምቱን ሽሹ» ይላሉ። ወንዞቻችን ግን ወንዝ የሚሆኑት በዚያ በሚሸሸው ክረምት ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ዳር ከአንድ አዛውንት ጋር ቆሜ ነበር። አካፋቸውን ተደግፈው ወደ ምዕራብ ያያሉ። እኛ ያለንበት ደረቅ ነው፤ ኮከብ ይታያል።

«እዚህ እኮ ጠብ አላለም» አልኳቸው።

«ዝናቡን እዚህ ምን ትጠብቀዋለህ ልጄ? ደጋው ጠቁሮ አላየህም?»

ሰዓት ያህል ቆየን። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነበር፤ ከባድ መኪና ከሩቅ ዳገት ሲወጣ እንደሚያጉረመርመው። ከዚያ የውኃው ግንባር መጣ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ፊቱ ላይ ጭራሮና አረፋ የሚገፋ። ገበሬዎቹ አስቀድመው ከወንዙ ጥግ በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾህ ቅርንጫፍ የካቡት ካብ ነበር። ውኃው ካቡን መታ፤ ግማሹ ወደ ቦዩ ታጠፈ፤ ግማሹ ካቡን እያፈረሰ ሄደ። አዛውንቱ ልጆቹን እየጠሩ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ቀጣዩ አፍ እየከፈቱና እየደፈኑ ሌሊቱን ሙሉ ሮጡ። ጎርፍ ጠለፋ ማለት ይህ ነው። የላይኛው ማሳ ሲጠጣ ለታችኛው ይለቀቃል፤ ተራው በሽማግሌ ይያዛል፤ የሚጣላም አይጠፋም። ጎርፉ ደለል ይዞ ይመጣል፤ ማዳበሪያ የሚሉት እሱን ነው። ጠዋት ካቡ የለም። ይኼ ማፈሪያ አይደለም፤ በኃይለኛ ጎርፍ እንዲፈርስ ሆኖ የተሠራ ነው። ሳይፈርስ ቢቀር ውኃው ማሳውን ይጠርገው ነበር። ዳግም ይካባል።

ይህን ዕውቀት ቪየና ያለ መሐንዲስ ቢሰማ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። ጎርፍን ከማገድ ይልቅ የሚተኛበት ቦታ መስጠት፣ ኃይሉን በብዙ ማሳ ላይ መበተን፣ ከጉዳቱ ምርት ማውጣት፤ ኔዘርላንዳውያን በዚህ ክፍለ ዘመን ለወንዞቻቸው ስፍራ እንልቀቅ ብለው የጀመሩት ሥራ መንፈሱ ያው ነው። እኛ ግን ይህን ኋላ ቀርነት ብለን እዚያው ማሳ ላይ ትተን ቡና ይዘን እንሄዳለን። አዛውንቱን ማንም ለልምድ ልውውጥ አልጋበዛቸውም። አበል የሚባል ነገር በጆሯቸው እንጂ በእጃቸው አልገባም።

«ደረቅ ወንዝ ምን ያደርጋል» የሚል ካለ ድሬዳዋን ይጠይቅ። የደቻቱ አሸዋ በበጋ መንገድም ገበያም ነው፤ ልክ እንደ እኛ ወንዞች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ከደጋው የወረደ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያ አሸዋ ዳር አምፖል ተክሎ መናፈሻ ነው ማለት ይቻላል? ይቻላል። አምፖሉ ጎርፉን በደንብ ያሳያል።

አዲስ አበባ የጀመረችውንም አልዘነጋሁትም። በ2011 ዓ.ም. የታወጀው የሸገር ወንዝ ዳር ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ተብሎ ነበር። ለዚሁ በዚያው ዓመት ግንቦት በተዘጋጀው እራት የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። የተሠሩት መናፈሻዎች ያምራሉ፤ ልጆቼን ወስጄ አይቻቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸዋል። ድሃ ከተማም የሚያምር ነገር ይገባዋል፤ «መጀመሪያ ዳቦ» እያሉ ውበትን ከሚያናንቁት ጋር አልደመርም። የእኔ ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው። በላይኛው ሰፈር መጸዳጃው ወደ ወንዙ እየተለቀቀ በታችኛው ፏፏቴ መሥራት ባዘልጌትን ገልብጦ ማንበብ ነው። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማት ከተማ ለከተማ ሲዛመት ክልልና ዞን ያለ ሁሉ ኃላፊ የሚቀዳው አዲስ አበባን ነው፤ አዲስ አበባ የምትቀዳው አውሮፓን ነው። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ከመሬት በታች ያለው ነው፤ በፎቶ አይታይማ።

ስለዚህ ለወዳጄ ዕቅዱን በእስክሪብቶ አስተካክዬ ሰጠሁት። የጀልባ ሽርሽሩን አውጥቼ ያቺን እጅ ያለችባትን ሰሌዳ አስገባሁ፤ ነጻ ናት። ለፍል ውኃው በተያዘው ቀን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ጻፍኩ። ፕራግ ላይ በዚያ በ2002 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ሌሊቱን በሥራ ያደረ አንድ የጎርፍ መከላከል ሠራተኛ ፈልገው እንዲያነጋግሩ፣ ጥያቄዎቹንም አብሬ ጻፍኩ፤ ቱቦው በዓመት ስንቴ ይጠረጋል? ማን ይጠርገዋል? በጀቱ ከምን ይመጣል? በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ጉዞ ጨመርኩ፤ ቆቦ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ሦስት ቀን። ያኔ ልጃገረዶቹ ለሶለል በዓላቸው ይወጣሉ፤ ከበሮው ከዞብል ተራራ ሥር ይሰማል፤ ወንዙም ካለ ያን ጊዜ አለ። ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ስድስቱንም ያመላልሳል።

ሄዱ። የሄዱት በመጀመሪያው ዕቅድ ነው። ሪፖርቱን ወዳጄ ላከልኝ፤ 14 ገጽ፣ 22 ፎቶ። «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ፈለግሁ፤ የለም። በስድስተኛው ገጽ ላይ ሁለቱ ኃላፊዎች ፔስት ውስጥ አንድ አሮጌ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከትከሻቸው በላይ ያቺ እጅ ትታያለች፤ ጣቷ እስከ ግማሽ ድረስ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጣለች።

በዚያች ስሟን ባልጠራኋት ከተማ በዘንድሮ ሚያዝያ 40 አዳዲስ አምፖሎች ተተከሉ። ከገበያው በታች ያለው ቱቦ እስካሁን በፕላስቲክ እንደተደፈነ ነው። ሐምሌ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።